ሞቱን ለኮሮነር የሚነግረው ማን ነው?

በ2000 ሚያዝያ ወር፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ኤንስኪለን በምትባል ከተማ፣ አንዲት የ17 ወር ሕፃን እያስመለሳት ኤርን ሆስፒታል ገባች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ግሉኮስ ተሰቀለላት። የተሰቀለላት ፈሳሽ ሶዲየሙ ያነሰ፣ መጠኑም ለሕፃን የበዛ ነበር። በደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወረደ፤ ውኃው ወደ አንጎሏ ሰረገ፤ አንጎሏ አበጠ። ቤልፋስት ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ተወስዳ እዚያው አረፈች። ከሆስፒታሉ አጠራጣሪ ሞትን ወደሚመረምረው ዳኛ፣ ወደ ኮሮነር ቢሮ ስልክ ተደወለ፤ ከንግግሩ በኋላ ኮሮነሩ የአስከሬን ምርመራ ማዘዝ አያስፈልገውም ተባለ። የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የአንጎል እብጠት ተብሎ ተጻፈ፤ የእብጠቱ ምክንያት የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የዚያም ምክንያት የአንጀት ኢንፌክሽን ተባለ። የሰውነቷ ፈሳሽ ያለቀ ሕፃን አንጎሏ በውኃ እንዴት ያብጣል? ወረቀቱ ይህን አይመልስም።

ከ14 ወራት በኋላ፣ በዚያው ግዛት ዴሪ ከተማ፣ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ሕክምና አወጣች። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ሲያስመልሳት ውሎ ሲያስመልሳት አመሸ፤ የተሰቀለላት ፈሳሽም ለሕፃኗ የተሰጠው ዓይነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የመጀመሪያዋ ልጅ ሞት በጊዜው ለኮሮነር በትክክል ተነግሮ፣ በአደባባይ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ለየሆስፒታሉ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛዋ የመትረፍ ዕድል ነበራት። ሆስፒታሎች የሕሙማንን ሞት ለኮሮነር እንዴት ያሳውቃሉ የሚለው ጥያቄ የቢሮክራሲ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ከእነዚህ ሁለት ልጆች ነጥዬ ላየው አልችልም።

በእንግሊዝ፣ በዌልስ፣ በሰሜን አየርላንድ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ ባለፉት 25 ዓመታት ከሆስፒታሎች ውጭ በሆኑ አጣሪዎች የተሠሩ ምርመራዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹን ዳኞች መርተዋቸዋል፤ አንዱን ጳጳስ፣ ሌላውን የኦዲት ድርጅት ሠርቶታል። የተነሱበት ጉዳይ ይለያያል፤ የደረሱበት ቦታ ግን ተመሳሳይ ነው። ሞት ሲደርስ ለኮሮነር ይነገር አይነገር ብሎ የሚወስነው ያ ሞት ሊያስጠይቀው የሚችለው ወገን ነው።

ኮሮነር የሚለው ሹመት በእንግሊዝ የታወቀው በ1194 ነው። ያኔ የንጉሡን የገንዘብ ጥቅም የሚጠብቅ ሹም ነበር። ዛሬ ከፖሊስም ከሆስፒታልም ነፃ የሆነ ዳኛ ነው። ሞቱ ተፈጥሯዊ ካልሆነ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ወይም ሟቹ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ከነበረ የመመርመር ግዴታ አለበት። ሟቹ ማን ነው፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ሞተ የሚሉትን ይመልሳል። ጥፋተኛ ብሎ አይፈርድም፣ ካሳም አይወስንም። ችሎቱ ግን ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቤተሰብም ሐኪሙን ፊት ለፊት መጠየቅ ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ ከሚሞተው ሰው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለኮሮነር ይነገራል። ከዚያ ውስጥ ወደ ችሎት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ኮሮነር ግን የማይነገረውን ሞት አያውቅም፤ ሥልጣኑ የሚጀምረው ሲነገረው ነው። ለመሆኑ ሐኪም የመናገር ግዴታ አለበት? በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 2019 መስከረም መጨረሻ ድረስ በጽሑፍ የተደነገገ ግዴታ የነበረበት ሞት የሚመዘግበው የመዝገብ ሹም እንጂ ሐኪሙ አልነበረም። ሐኪሞች በልማድና በሙያ ሥነ ምግባር ይደውሉ ነበር። ግዴታውን ያመጣው ከጥቅምት 1 ቀን 2019 ጀምሮ የጸና ደንብ ነው። ኮሮነር ከ800 ዓመት በላይ በኖረበት አገር ይህ ደንብ ገና ትናንት የወጣ ያህል ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መፍትሔው ቀላል በሆነ፤ ሕግ ማውጣት ብቻ ነበር። ሰሜን አየርላንድ ግን ሕጉ ነበራት። የ1959 የኮሮነሮች ሕግ ሐኪም በቸልተኝነት ወይም በሙያ ጥፋት ደርሷል ብሎ የሚጠረጥረውን ሞት ወዲያውኑ ለኮሮነር እንዲናገር ያስገድዳል። ሁለቱ ልጆች የሞቱት ይህ ሕግ 40 ዓመት ያህል በጸናበት ምድር ነው።

ዳኛ ጆን ኦሃራ የመሩት ምርመራ በ2004 ተቋቁሞ በጥር 2018 ሪፖርቱን አወጣ። የአምስት ልጆችን ሞት የተመለከተና 96 ምክረ ሐሳቦችን የያዘ ነበር። ሪፖርቱን ከባድ የሚያደርገው የሕክምናው ስህተት ብቻ አይደለም፤ የከፋው ከሞቱ በኋላ የሆነው ነው። በ1995 መጨረሻ ቤልፋስት ባለው የሕፃናት ሆስፒታል አንድ የ4 ዓመት ልጅ ኩላሊት ሲተካለት ሞተ። በ1996 አጋማሽ የኮሮነር ችሎት ተቀምጦ ጉዳዩ ከሶዲየም መውረድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሰማ። ከችሎቱ ጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ሆስፒታል አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ሶዲየሟ ወርዶ ሞተች። ወላጆቿ ቫይረስ አንጎሏ ደርሶ ነው ተባሉ። ለኮሮነር አልተነገረም። ወላጆቿ እውነቱን መጠርጠር የጀመሩት ከስምንት ዓመት በኋላ በ2004፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች የተሠራ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም አይተው ነው። ኦሃራ የዚህች ልጅ ሞት ለኮሮነር ሳይነገር የቀረው ጥያቄ እንዳይነሳ ተብሎ መሆኑን፣ መደባበቅም እንደነበረ በግልጽ ጽፈዋል። ከአምስቱ የሦስቱ ልጆች ሞት የቸልተኛ ሕክምና ውጤት መሆኑንም አስፍረዋል።

ችሎት በተቀመጠበት ጉዳይ እንኳ ሙሉው እውነት አልቀረበም። በዴሪ የታከመችው ልጅ ጉዳይ ሲታይ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው አካል ለራሱ ያሠራውና የማይመቸው የባለሙያ ሪፖርት ነበረው። ለኮሮነሩ አልሰጠውም። የኤንስኪለኗ ሕፃን ሞትና የዴሪዋ ልጅ ሞት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል ብሎ በ2003 ለኮሮነሩ የጻፈው በዚያ አካባቢ የሕሙማንን ጥቅም የሚወክል ምክር ቤት ኃላፊ ነበር፤ ከሆስፒታሎቹ ማንም አልጻፈም። የሕፃኗ ሞት ችሎት ፊት የቀረበው በ2004 ነው፣ ከሞተች ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ነገር የሚጠፋው እዚያ ነውና። ወረቀቱ የሞትን ምክንያት በሰንሰለት ይጠይቃል፦ ለሞት ያበቃው ቅርብ ምክንያት ምንድን ነው? እሱን ያመጣው ምንድን ነው? ያንንስ? አንዲት አሮጊት ሌሊት ከአልጋ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ እንበል። ሳይነሱ ሰነበቱ፣ ሳንባ ምች ያዛቸው፣ ሞቱ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልጻፈም። ሰንሰለቱን ግን መጀመሪያው ላይ ቆርጦታል። ውድቀቱ ከተጻፈ ሞቱ ተፈጥሯዊ አይባልም፣ ለኮሮነርም ይሄዳል። የአልጋው መከለያ ለምን አልተነሳም፣ ጥሪውን ለምን ማንም አልሰማም የሚሉ ጥያቄዎችም ይከተላሉ። ሳንባ ምች ብቻ ሲጻፍ ግን ቀጥሎ ቀብር ነበር። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ይህን ወረቀት በሆስፒታል የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ሐኪም ነበር። አለቃው በሠራው ሕክምና ላይ ጥያቄ የሚያስነሳ መስመር እንዲጽፍ የሚጠበቀው እሱ ነው፤ ነገ የሥራ ምስክርነት የሚጽፍለት ደግሞ ያው አለቃው ነው።

ሐኪሞች ሁሉ ይደብቃሉ ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ምክንያቱን እናውቃለን ብለው ከልብ ያምናሉ፤ የታመመ ሰው መሞቱ አያስገርማቸውም። ፍርሃትም አለ፤ ስም መጥፋት፣ ፈቃድ መነጠቅ፣ በጋዜጣ መውጣት። ሰው ይፈራል። ስለዚህ በሚፈራ ሰው ቅንነት ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት መሠረቱ የተሳሳተ ነው።

እንግሊዞች ይህን መማር ከነበረባቸው ከሃሮልድ ሺፕማን ነበር። ሺፕማን በማንቸስተር አቅራቢያ ሃይድ በምትባል ከተማ የሚሠራ የሠፈር ሐኪም ነበር። በጥር 2000 በ15 ሕሙማን ግድያ ተፈረደበት፤ በዳኛ ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ደግሞ 215 ሰዎችን መግደሉን አረጋገጠ፤ በሌሎች 45 ሰዎች ሞትም ጠረጠረው። ይገድላል፣ ራሱ ምስክር ወረቀቱን ይጽፋል፣ ለኮሮነር አይናገርም። አስከሬን ለማቃጠል የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ የጎረቤት ክሊኒክ ሐኪሞች ለዓመታት ፈረሙለት። በመጨረሻ በመጋቢት 1998 ከእነሱ አንዷ ቁጥሩ በዛ ብላ ለአካባቢው ኮሮነር ነገረች። ፖሊስ በቸልታ መርምሮ ዘጋው፤ ሺፕማን ከመያዙ በፊት ሦስት ሰው ጨመረ።

ስሚዝ በ2003 ሦስተኛ ሪፖርታቸውን ያዋሉት በዚሁ በሞት ማረጋገጫና በኮሮነር ሥርዓት ላይ ነው። የጠየቁት ሥር ነቀል ነበር፦ ማናቸውም ሞት የሐኪም ዕውቀት ላለው የኮሮነር አገልግሎት ይድረስ፣ አስታማሚው ሐኪም ራሱ መርጦ የሚያስቀረው አይኑር። መንግሥት ያን ያህል አልሄደም። በ2009 የወጣው ሕግ ለስለስ ያለ መንገድ መረጠ፦ ወደ ኮሮነር የማይሄደውን ሞት ሁሉ ሌላ ሐኪም ይመርምረው አለ። ይህም ክፍል ቢሆን ግዴታ ሆኖ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 9 ቀን 2024 ነው። ከስሚዝ ሪፖርት 21 ዓመት፣ ከሕጉ 15 ዓመት በኋላ። ለዚህ መዘግየት የሚቀርበው ምክንያት በአብዛኛው ወጪውን ማን ይሸፍን የሚል ነበር። በመካከሉ የሆነውን ሳስብ ይህን ምክንያት መቀበል ይከብደኛል።

በመካከሉ ምን ሆነ? የሚድ ስታፎርድሺር ሆስፒታል ቅሌት ሆነ። አጣሪው ሮበርት ፍራንሲስ በ2013 ያቀረቡት የ290 ምክረ ሐሳቦች ሪፖርት የሚታወሰው በተጠሙና በቆሸሹ ሕሙማን ታሪክ ነው። ከምክረ ሐሳቦቹ ውስጥ ግን ከአሥር በላይ የሚሆኑት ስለ ኮሮነርና ስለ ሞት ማረጋገጫ ናቸው። ምክንያቱም አጣሪው አንድ ነገር አግኝቶ ነበር፦ አንድ ወጣት ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤቱ ከተሸኘ በኋላ ሲሞት የሆስፒታሉ የራሱ ስፔሻሊስት ሕክምናውን የሚተች ሪፖርት ጽፎ ነበር፤ ሪፖርቱ ለኮሮነሩ አልደረሰም። ልክ እንደ ዴሪው። ፍራንሲስ ሆስፒታል ለኮሮነር ጠቃሚ የሆነውን መረጃ ሁሉ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፣ የሚያስቀር ከሆነም አንድ የበላይ ኃላፊ በግሉ ኃላፊነት ይውሰድ አሉ።

ፈርነስ ሆስፒታልም ነበረ። አጣሪው ቢል ኪርካፕ በ2015 ያቀረቡት ሪፖርት በዚያ የማዋለጃ ክፍል የተለየ ሕክምና ቢሰጥ ኖሮ 11 ሕፃናትና አንዲት እናት ይተርፉ እንደነበር ደመደመ። ከአንድ ሕፃን ሞት በኋላ የሙቀትና የትንፋሽ ልኬቱ የተጻፈበት ቅጽ ጠፋ። የኮሮነር ችሎት እንዲቀመጥ ያደረገው የአባት ዓመታት የፈጀ ውትወታ ነው። ችሎቱ ሲደርስም ለሚመሰክሩት አዋላጅ ነርሶች የተዘጋጀ የመልስ ናሙና ሲዞር እንደነበር ኪርካፕ ጽፈዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ግን የደበቀው አንድ ወገን ነው፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ።

ሞታቸው ማንንም የማያስደንቅ ሰዎች

እስካሁን ያነሳኋቸው ጉዳዮች ወላጅ፣ ልጅ ወይም ጋዜጠኛ የተከራከረባቸው ናቸው። ተከራካሪ የሌላቸውስ?

በ2013 ኦክስፎርድ ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ያለበት የ18 ዓመት ወጣት በሚታከምበት ማዕከል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰምጦ ሞተ። አገልግሎቱን የሚሰጠው ሳውዘርን ሄልዝ መጀመሪያ ተፈጥሯዊ ሞት ነው አለ። የእናቱ ትግል በ2015 ሁለት ነገር አስገኘ። አንደኛው፣ የኮሮነር ችሎት የጁሪ አባላት ቸልታ ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰኑ። ሁለተኛው ማዛርስ የተባለው የኦዲት ድርጅት ያደረገው ምርመራ ነው፤ በተቋሙ አገልግሎት ሥር የነበሩ ሰዎችን የአራት ዓመት ሞት አንድ በአንድ ቆጠረ። 10,306 ሰዎች ሞተዋል። ተቋሙ ራሱ ያልተጠበቀ ብሎ የመደበው 722 ነው። ከእነዚህ በቂ ምርመራ የተደረገባቸው 272 ናቸው።

ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚያስደነግጠው ክፍፍሉ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ጎልማሶች ሞት 30 በመቶ ያህሉ ተመርምሯል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ሞት የተመረመረው ግን 1 በመቶ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ የአእምሮ ሕሙማን ደግሞ 0.3 በመቶ። አንድም ሰው ሆን ብሎ እነዚህን አንመርምር ብሎ አልወሰነም። ሞታቸው ስላላስገረመ ብቻ ታለፉ።

ጎስፖርት ላይ ይህ አስተሳሰብ ወዴት እንደሚያደርስ ታየ። በጳጳስ ጄምስ ጆንስ የተመራው ቡድን በሰኔ 2018 ባወጣው ሪፖርት ከ1989 እስከ 2000 ባለው ጊዜ በጎስፖርት ዋር ሜሞሪያል ሆስፒታል 456 ሰዎች ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት በተሰጣቸው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዕድሜያቸው ማጠሩን አረጋገጠ። መዝገባቸው የጠፋ 200 ያህል ሌሎችም ሊኖሩ እንደሚችሉ አከለ። ነርሶች ስጋታቸውን የተናገሩት በ1991 ነበር። ሰዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የመጡት ለማገገም ነው። አረጋዊ በሆስፒታል ሲሞት ግን የሞት ወረቀቱ በቀላሉ ይሞላል።

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት አንዲት ነርስ ከ2007 እስከ 2014 በአረጋውያን መጦሪያዎች ስምንት ሰዎችን በኢንሱሊን ገደለች። የታወቀው በ2016 ራሷ ስለተናዘዘች ነው። ዳኛ አይሊን ጊሌዝ በ2019 ባወጡት ሪፖርት ባትናዘዝ ኖሮ ወንጀሉ አይታወቅም ነበር ብለዋል። በኦንታሪዮ መጦሪያዎች ስለ እያንዳንዱ ሞት ለኮሮነር የሚላክ ቅጽ ነበር፤ ቅጹን የሚሞላው የመጦሪያው ሠራተኛ ነው። ሥርዓቱ ተሟልቶ ሳለ ምንም አላየም።

አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ግዛት፣ በዚህ ረገድ አንድ ጠቃሚ ነገር አድርጋለች። በባንዳበርግ ሆስፒታል ከ2003 እስከ 2005 የሠራው ቀዶ ሐኪም የጃያንት ፓቴል ሕሙማን ሞት አገሩን አናወጠ፤ ነገሩን ያወጣችው ቶኒ ሆፍማን የተባለች ነርስ ናት። በዚያን ጊዜ ሕጉ ከሕክምናው የማይጠበቅ ሞት ለኮሮነር ይነገር ይል ነበር። የማይጠበቅ ለማን? የሠራው ሐኪም በሽተኛው ደካማ ነበር፣ ሊሞት እንደሚችል አውቅ ነበር ካለ፣ ሞቱ የሚጠበቅ ሆነ ማለት ነው። በ2009 ሕጉ ሲሻሻል መለኪያው ተቀየረ፤ በዘርፉ ብቁ የሆነና ጉዳዩ የማይነካው ሌላ ሰው ይህን ሞት ይጠብቀው ነበር ወይ የሚል ሆነ። አንድ ሐረግ ናት። የፍርዱን ቦታ ግን ከሠራው ሰው ወደ ውጭ ሰው አዘዋወረች። እስካሁን ካነበብኳቸው ድንጋጌዎች ሁሉ ለእኔ የተሻለችው ይህች ናት።

ስኮትላንድ ኮሮነር የላትም፤ አጠራጣሪ ሞት የሚመረምረው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ከ2015 ጀምሮ ግን የሞት ምስክር ወረቀቶች በዕጣ እየተመረጡ በገለልተኛ ሐኪሞች ይታያሉ። በቂ ነው አልልም፤ የወረቀት አጻጻፍን ያሻሽላል፣ ያልተመረጠውን ግን አያይም።

አዲሱ ዐይን

ወደ እንግሊዝና ዌልስ ልመለስ። ከመስከረም 2024 ወዲህ በዚያ የሚሞት ሰው ሁሉ ከሁለት በአንዱ ያልፋል፤ ወይ ኮሮነር ያየዋል፣ ወይ የሕክምና መርማሪ የሚባል ከፍተኛ ሐኪም። ይህ ሐኪም ሟቹን ያላከመ፣ ዝምድናም የሌለው መሆን አለበት። ሦስት ነገር ያደርጋል፦ የሕክምና መዝገቡን ያነባል፣ ያከመውን ሐኪም ያነጋግራል፣ ለቤተሰብ ደግሞ እሱ ወይም ረዳቱ ይደውላል። የሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ስለተደረገላቸው ሕክምና የሚያሳስባችሁ ነገር አለ?

በዚህ ዳሰሳ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ይህን ጥያቄ አስበልጣለሁ። ከላይ የተዘረዘሩትን ጉዳዮች መለስ ብላችሁ እዩ፤ ኤንስኪለንን፣ ፈርነስን፣ ኦክስፎርድን፣ ጎስፖርትን። በብዙዎቹ ከሆስፒታሉ በፊት ያወቁት ቤተሰቦች ነበሩ። ልጃችን ትናንት ማታ ታወራ ነበር፣ እናታችን በእግሯ ሄዳ ነው የገባችው፣ እያሉ ነበር። የሚሰማቸው አጡ። አሁን በሕግ የሚጠይቃቸው ሰው ተመድቧል፤ ያውም ከቀብሩ በፊት፣ ወረቀቱ ሳይፈረም።

ድካሙም አለ። የሕክምና መርማሪው ለብሔራዊ ኃላፊ ተጠሪ ቢሆንም ደመወዙን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት የሆስፒታል ድርጅት ነው። ጠዋት የሥራ ባልደረባውን መዝገብ ይመረምራል፣ ከሰዓት አብሮት ተረኛ ይሆናል። ኮሮነር ጋ መድረስ ያለበትን ሞት የሚያቆም ሳይሆን የሚያሳልፍ እንዲሆን ነፃነቱ በደመወዝም መጠበቅ አለበት ባይ ነኝ። በተጨማሪ መዝገብ ማንበብ የሚጠቅመው መዝገቡ እውነት ሲሆን ነው፤ የፈርነሱ ቅጽ ጠፍቶ ነበር።

አንድ ሰፊ ክፍተትም አለ። በእንግሊዝ ሕግ ሞቶ የተወለደ ልጅ እንደ ሟች አይቆጠርም፤ ስለዚህ ኮሮነር አይመረምረውም። ሕፃኑ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ከሞተ ኮሮነር ሊመረምረው ይችላል፤ ምጥ ላይ ልቡ ቆሞ ከተወለደ አይችልም፤ የሕክምናው ስህተት ግን አንድ ሊሆን ይችላል። በሰሜን አየርላንድ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2013 በሕይወት ሊወለድ ይችል የነበረ ሕፃን ሞት ኮሮነር መመርመር ይችላል ብሎ ወስኗል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2019 የሕዝብ አስተያየት ሰብስቦ ሕጉን ሳይለውጥ ቀረ። ብዙ የማዋለጃ ክፍል ቅሌቶች ለዓመታት ተደብቀው የቆዩበት አገር ይህን በር ክፍት መተው አልነበረበትም።

እንግሊዝ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ከእንግሊዝ ወይም ከዌልስ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚልክ ቤተሰብ፣ ሞቱ የቱንም ያህል ተፈጥሯዊ ቢሆን፣ አስቀድሞ ለኮሮነር ማሳወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የዕድር ሰዎች ስሙን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን እንደሚያዘገይ ቢሮ ነው። ለቀስተኛ ቤት ሞልቶ፣ አገር ቤት ቀብር እየተጠበቀ፣ ኮሮነር ያዘው ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። አስከሬን ይቀደዳል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከዚህ የተነሳ ሕክምናው ቅር ያሰኛቸው ቤተሰቦች እንኳ ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል ብለው ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን አከብራለሁ፤ ግን መብታቸውን ሳያውቁ ዝም እንዲሉ አልፈልግም። የሕክምና መርማሪው ቢሮ ሲደውል አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ሐኪሙ የተናገረውና ያዩት አልጣጣም ካላቸው በዚያ ስልክ መናገር ይችላሉ። በቀጥታ ለኮሮነሩ መጻፍም ይችላሉ፤ ማንም ሰው ይችላል። በአንዳንድ አካባቢዎች ምርመራው በሲቲ ስካን ሊሠራ ስለሚችል አስከሬን ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ይህም መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ኮሮነር የለም። አጠራጣሪ ሞት በፖሊስ ጥያቄ ወደ አስከሬን ምርመራ ይሄዳል፤ ለረጅም ዘመን የምኒልክ ሆስፒታል ስም ከዚህ ጋር ይነሳ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በሕክምና ስህተት ሊሆን ስለሚችል ሞት ለነፃ አካል የሚናገር መደበኛ መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ ጉዳይ ግን አገሪቱ ራሷን የቻለ ልምድ አላት። ከ2013 ጀምሮ የእናቶችን ሞት፣ በኋላም የጨቅላ ሕፃናትን ሞት የሚከታተል ሥርዓት ዘርግታለች። ሞቱ ይነገራል፣ ኮሚቴ ይገመግመዋል፣ በቤት የሞተችም እናት ከሆነች የጤና ባለሙያ ቤተሰቧን ጠይቆ እንዴት እንደሞተች ይመዘግባል። ስም አይጻፍም፣ ጥፋተኛ አይባልም፤ ባለሙያ ሳይፈራ እንዲናገር ተብሎ ነው። ይህ ፍርሃትን የሚቀንስ ብልህ አካሄድ ነው፣ ከእንግሊዙም የሚሻልበት ጎን አለው። ቤተሰቡ የተናገረው ለመዝገብ ይጠቅማል፤ መልሱ ግን ወደ ቤተሰቡ አይመለስም። እናቷ ለምን እንደሞተች ልጇ አያውቅም። ማስተማርና መልስ መስጠት ሁለት ግዴታዎች ናቸው። እንግሊዞች ሁለተኛውን በችሎት ይሞክራሉ፣ እኛ የመጀመሪያውን በኮሚቴ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሞቱ ተነግሮ፣ ችሎት ተቀምጦ፣ ውሳኔ ከተሰጠስ? በእንግሊዝ ኮሮነር ሌላ ሰው እንዳይሞት መደረግ ያለበት ነገር ካየ ለሆስፒታሉ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ሆስፒታሉ በ56 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። መልሱ እናስብበታለን ቢሆንም ኮሮነሩ ማስገደድ አይችልም፤ የተባለው መደረጉን ተከታትሎ የሚያረጋግጥ ብሔራዊ አካልም አልተቋቋመም። በየከተማው ያሉ ኮሮነሮች ስለ ተመሳሳይ መድኃኒትና ስለ ተመሳሳይ የአልጋ መከለያ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ደብዳቤዎቹ በይፋ ይታተማሉ፤ ተመራማሪዎች እየሰበሰቡ ያነቧቸዋል፤ ሥልጣን ያለው ግን በቂ ትኩረት የሚሰጣቸው አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ነፃ አጣሪ የሚሾም መንግሥት ካለ ሁለት ነገር እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ሆስፒታል በዓመት ስንት ሞት ለኮሮነር እንዳሳወቀ፣ በስንቱ ላይ ቤተሰብ ስጋት እንዳነሳና ስጋት ከተነሳባቸው ውስጥ ስንቱ ወደ ኮሮነር እንዳልሄደ በይፋ ይውጣ። ሦስተኛው ቁጥር ከሁለቱ ይልቅ ይናገራል። ሌላው፣ ሆስፒታል ለራሱ ያሠራውን የባለሙያ ሪፖርት ከኮሮነር እንዳይሰውር የሚያስገድድ፣ ሲሰውር የሚያስቀጣ ሕግ ይኑር። ኦሃራ በ2018 ለሰሜን አየርላንድ የጠየቁት ይህንኑ የሚመስል ነበር፦ ተቋምም ግለሰብም እውነቱን የመናገር ሕጋዊ ግዴታ ይኑርበት፣ የጣሰም በወንጀል ይጠየቅ። ሐኪሞች በማኅበራቸው በኩል የግለሰቡን ቅጣት አጥብቀው ተቃወሙ። በ2021 ጉዳዩ ለሕዝብ ምክክር ቀረበ፤ ከምክክሩ በኋላም ሕጉ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ።